ልጃችን፣ የትል ሐኪሟ

ልጄ የእንስሳት ሐኪም ናት። የእንስሳት ብዬ ብተወው ግን ማድበስበስ ይሆንብኛል፤ የአእዋፍ አንጀት ትል ሐኪም ናት። የዶሮ፣ የዳክዬ፣ የርግብ፣ የዱር ወፍ ኩስ ሰብስባ በውሃ ትበጠብጣለች፣ ታጠላለች፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ዛሬ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። አባቷም ይናገራል፤ እንዲያውም እሱን ማስቆም ነው የቸገረን።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ባለቤቴ ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የፈጀ ሰው ነው። ድምፁ ከሚነዳው መኪና ጡሩምባ ስለማይተናነስ ሰው ሁሉ «ጡሩምባ» ይለዋል፤ እኔም ሳኮርፈው እንደዚያው እጠራዋለሁ። ልጃችን የተመረቀች ዕለት «ልጄ ዶክተር ሆነችልኝ» እያለ ሰፈሩን ሲያናውጠው ዋለ። «የምን ዶክተር?» የሚለው ሰው ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሚገባ እንጃ፤ ጉሮሮውን ይጠርግና ስለ ጎማ ወይ ስለ ዝናብ ያነሳል። በሐሳቡ የሚያያት ነጭ ጋዋን ለብሳ በሆስፒታል ኮሪደር ስታልፍ፣ በሽተኛው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ሲልላት ነበር። ጋዋኑንስ ለብሳለች። ግን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቦቲዋን አውልቃ እጇን እስከ ክርኗ ካልታጠበች ወደ ቤት አትዘልቅም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

አንድ እሁድ እንግዶች ጠርተን ፓስታ አቅርበን ነበር። አንዷ እንግዳ ለወግ ያህል «ሥራ እንዴት ይዞሻል?» አለቻት። ልጄ ደግሞ ሥራዋን ሲጠይቋት ፊቷ ይበራል። ከአንዲት ርግብ ሆድ ስላወጣችው ትል ማውራት ጀመረች። ርዝመቱን ለማሳየት እጇን ዘረጋች፤ መልኩን ለማስረዳት ደግሞ የምታመሳስልበት ስትፈልግ ዓይኗ ሳህኑ ላይ አረፈ። ሹካው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተቀመጠ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባቷ «ምናለ አስተማሪ ነኝ ብትያቸው?» አላት። ስቃ አለፈችው። እኔ ግን እናቷ ነኝ፤ ሳቁ ከከንፈሯ እንዳላለፈ አይቻለሁ።

ጡሩምባ ጡረታ ሲወጣ ቁጭ ብሎ መዋል አልሆንለት ስላለ ከቤታችን ጀርባ የዶሮ ቤት ሠራ። የምንኖረው ከተማው ዳር ላይ ነው፤ ጎረቤቶቻችንም አብዛኞቹ ዶሮ አርቢዎች ናቸው። የዶሮ ቤቶቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ አለ። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ጅግሮች ከቁጥቋጦው በሰልፍ እየወጡ የፈሰሰ መኖ ይለቅማሉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ያን ነጠብጣብ ላባቸውን ባየሁ ቁጥር ምነው ጣቃ ሙሉ ባገኘሁ እላለሁ።

ባለቤቴ ለዶሮዎቹ ያለው ፍቅር ለመኪናው ከነበረው አያንስም። እንቁላሉን አንድ በአንድ በጨርቅ ወልውሎ ነው ለደንበኛ የሚሰጠው። ስለዚህ ኬክ ቤት ያላት ደንበኛችን አንድ ጠዋት ጎድጓዳ ሳህን በፎጣ ሸፍና ስትመጣ፣ እንደ ልማዷ ኬክ ልታቀምሰን የመጣች መስሎን ደስ አለን። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ሳህኑን የስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጠችና ፎጣውን አነሳች። የተሰበረ እንቁላል ነው። በነጩ ውስጥ ነጭ ክር ተጠቅልሎ አየሁ። ክር ካየሁ እጄ ዝም አይልምና ላወጣው ጣቴን ሰደድኩ። ክሩ ተንቀሳቀሰ።

ባለቤቴ ቆሞ ያያል። ፊቱ አመድ መሰለ። «ከእኔ ቤት?» አለ። ሴትዮዋም አንገቷን ነቀነቀችና ይቅርታ የምትጠይቅ እሷ ይመስል ቀስ ብላ ወጣች።

ወሬ እግር አለው እንዴ ያሰኛል፤ ሳምንት ሳይሞላ ከሰፈራችን እንቁላል የሚገዛ ጠፋ። ይሄኔ ነው ሌሎቹም የደበቁትን ማውጣት የጀመሩት። ባለ ወፍጮዋ ጎረቤታችን ዶሮዎቿ ቀን ከቀን እየከሱ የደረታቸው አጥንት እንደ መቀስ ስለት ይቆረቁራል አለች። የሌላው ዶሮዎች አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ገርጥቷል። የዶሮ አርቢዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ዶሮዎች ደግሞ መኖውን እየጨረሱ እንቁላል ቀንሰዋል። ሁሉም ፈንግል እንዳይሆን ብሎ ፈርቶ ኖሯል፤ ዶሮዎቹ ግን ለፈንግል ተከትበዋል።

ልጃችን እንቁላሉ የመጣ ዕለት ማታውኑ ከሥራ መጥታ ትሉን አይታው ነበር። ዋናው ወስፋት ነው አለች። የሚኖረው በዶሮ አንጀት ውስጥ ነው፤ የትሉ ዕንቁላል ከኩስ ጋር ወጥቶ ወለሉ ላይ ባለው ጉዝጓዝ ውስጥ ይበስላል፤ ዶሮዋ ስትጭር ስትለቅም መልሳ ትውጠዋለች። አልፎ አልፎ አንዱ ትል መንገድ ይስትና ወደ እንቁላል መውጫው ይገባል፤ እዚያ ሳለ ቅርፊት ይለብስበታል።

«መንገድ የሳተው እሱ፣ ገደል የገባሁት እኔ» አለ አባቷ።

ማኅበሩ በመኖ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰበ። ወንበር ስላልበቃ ሰው በከረጢት ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ የሂሳብ መምህር የነበሩ፣ ከሁላችንም ብዙ ዶሮ ያላቸው፣ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። ያዩትን ተናገሩ። ጅግሮቹ ከዶሮዎቻቸው መጠጫ ይጠጣሉ፣ ከመኖው ይለቅማሉ፣ ኩሳቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ክትባቱ ተሰጥቷል፤ መኖው ያው የምናውቀው ነው፤ ውሃውም የቧንቧ ነው። እንዲህ እያሉ አንዱን ቀንሰው፣ ሌላውን ቀንሰው የተረፈው ጅግራ ብቻ ሆነ። መፍትሔው መርዝ የታሸ በቆሎ ኩሬው ዳር መበተን ነው አሉ። ብዙ እጅ ወጣ። አልፈርድባቸውም፤ ዶሮው ዓይኑ እያየ የሚመነምንበት ሰው የሚይዝ የሚጨብጠውን ያጣል።

ልጄ ከኋላ ተነሳች። መርዝ ጅግራን ከርግብ እንደማይለይ፣ ዳክዬውም ጭልፊቱም እንደሚያልቅ፣ ተመርዞ የወደቀውን ወፍ የራሳችን ዶሮ ሊጭረው እንደሚችል ተናገረች። ደግሞም የጅግሮቹን ሆድ እስካሁን ማንም አላየም አለች። አንዱ ከወዲያ ማዶ «አንቺማ ለትሎቹ አዝነሽ ነው» ሲል መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ባለቤቴ መሬት መሬቱን አየ። እሷ ግን ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች።

«ለትል አላዝንም» አለች። «ግን ያላየሁትን አውቃለሁ አልልም። ጅግሮቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዶሮዎቻችን እግር ሥር ያለው ጉዝጓዝም ሊሆን ይችላል። ጊዜ ስጡኝና አይቼ ልንገራችሁ።»

ሊቀመንበሩ ሲያስተምሩ እንደነበረው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋትና፣ በማን ዶሮዎች ላይ ልትሞክሪ ነው ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ የሳቀው ሁሉ ዓይኑን ወደ በሩ ወሰደ። ዶሮውን ማን ይሰጣል? ባለ ወፍጮዋ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥር ትፈታ ጀመር።

ባለቤቴ ከረጢቱ ላይ ተነሳ።

«በእኔ ቄቦች ላይ ትሞክር» አለ። ገና እንቁላል ሊጀምሩ የደረሱ ቄቦች ነበሩት፤ የዚያ ዓመት ተስፋችን እነሱ ናቸው። «ትሉ የተገኘው ከእኔ ቤት ነው። ልጄ ደግሞ የትል ሐኪም ናት፤ ስንት ዓመት ተምራ የመጣችው ይህንኑ ነው። ተሳስታ ከተገኘች በቆሎውን በገዛ እጄ እበትናለሁ።»

የትል ሐኪም! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ድምፅ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ልጄን ዞር ብዬ ሳያት ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፤ ዕንባ ሲመጣባት ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምታደርገው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርግጠኛ ነሽ አይደል?» አላት።

«አይደለሁም።»

«እንዴት አይደለሁም?»

«እርግጠኛ ብሆንማ መሞከር ምን ያደርጋል፣ አባዬ?»

ቤት ስንደርስ በቀጥታ ወደ ቄቦቹ ገብቶ አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

የዶሮ ቤታችን መሐሉ ላይ ግድግዳ ያለው ሁለት ክፍል ነው፤ እንቁላል የሚጥሉት አሮጌዎቹ ዶሮዎች ከዚያ ወጥተው ለቄቦቹ ተለቀቀ። ልጃችን መጀመሪያ ለቄቦቹ ሁሉ የትል መድኃኒት በውሃ ሰጠቻቸው። በማግስቱ የወጣውን ትል አልነግራችሁም፤ እኔም ካየሁ በኋላ ፓስታ ለመቀቀል ጊዜ ፈጅቶብኛል። ኩሳቸውን እየመረመረች መጥራታቸውን ካረጋገጠች በኋላ እኩል ለሁለት ከፈለቻቸው።

የግራው ክፍል አሮጌው ጉዝጓዝ እንዳለ ቀረ። ነገር ግን አንዲት ወፍ እንኳ እንዳትገባበት ተዘጋ። ይህ የእኔ ሥራ ነበር። መስኮቱንና ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ በመረብ ሸፈንኩት፤ ጠርዙን በድርብ ስፌት አጠፍኩት፤ በሩ ላይ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ሌላ መረብ ሰፋሁለት። ድንቢጥ ሳትቀር ውጭ ሆና ታየው ነበር። ብዙ የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ መረብ የተጠነቀቅኩለት ስፌት ግን የለም።

የቀኙ ክፍል ተቃራኒው ነው። ጉዝጓዙን ባልና ሚስት ሆነን እስከ ሲሚንቶው ዛቅነው። ወለሉን ፋቅን፣ በፈላ ውሃ አጠብን፣ በሩን ከፍተን ፀሐይና ነፋስ አስመታነው፤ አዲስ ደረቅ ሰጋቱራ አነጠፍን። ከዚያ በሩ ቀን ቀን ክፍት ሆኖ ጅግሮቹ እንደ ልባቸው ይግቡ ተባለ። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ በቆሎ እየበተነ ይጠራቸው ጀመር። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ «ጡሩምባ ጅግራ ምሳ ጋበዘ» ይለዋል። እሱም ከእነሱ ጋር ይስቅ ነበር፤ ማን ምን እንደሚል ግድ መስጠቱን ትቶታል።

ነገሩ ግልጽ ነው። ትሉን የሚያመጡት ጅግሮቹ ከሆኑ የቀኙ ክፍል ይታመማል። ጉዝጓዙ ከሆነ የግራው። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ትል በአንጀት ውስጥ እስኪያድግ ድረስ ሁለት ወር ገደማ።

በዚያ መሐል አንድ ቀን ዕቃ ላደርስላት ወደ ሥራ ቦታዋ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። ጠባብ ክፍል ናት። በመደርደሪያው ላይ ብልቃጦች ተሰልፈዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በእሷ እጅ ጽሕፈት የወፍ ስም ተለጥፏል። ወንፊቶቹ በመጠን በመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ የእኔ መርፌዎች እንኳ እንዲህ ሥርዓት የላቸውም። ማይክሮስኮፑን አስተካክላ «ነይ እይ፣ እማዬ» አለችኝ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት አየሁ። ከዚያ ከብዥታው ውስጥ አንዲት ሞላላ ነገር ወጣች፤ ዳርዋ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ በጥሩ እጅ የተቀመቀመች ቁልፍ የመሰለች። የትሉ ዕንቁላል ናት አለችኝ። ይህቺ የማትታይ ነገር በጉዝጓዝ ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ትቆያለች። ልጄ እየሳቀች ታስረዳኛለች፤ እኔ ደግሞ ዕንቁላሏን ትቼ እሷን አያለሁ። ቤት ስመለስ ቦቲ በር ላይ የማውለቁን ሕግ ሻርኩት።

መንፈቅ ያህል ያስረጀን ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው ከየቤቱ የሚዝቀውን ጉዝጓዝ የሚደፋው ቁጥቋጦው አጠገብ ባለ አንድ ጉብታ ላይ ነው። ባለቤቴ አንድ ጠዋት እዚያ ጉብታ ላይ ክንፏን ዘርግታ የምታጣጥር ጅግራ አገኘ። ቤት ሳያደርሳት ሞተች። ሊቀመንበሩም ሰምተው መጡ። ልጃችን ግቢያችን ውስጥ ጠረጴዛ አውጥታ፣ ጓንት አድርጋ ከፈተቻት። አንጀቷ እንደ ጠገበ ቋሊማ ተወጥሯል። ስትሰነጥቀው ነጫጭ ትሎች እርስ በርስ ተቆላልፈው ወጡ።

«ያው ትል ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ልጄ አንዱን በመቆንጠጫ አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ባለቤቴ ዓይን ዓይኗን ያያል። አንዲት ትንሽ ውሸት፣ አንዲት «እስቲ ቆይቼ ልየው» ብትል ማን ያውቅባት ነበር? እኔ ራሴ እንድትላት ተመኘሁ።

«ያው ነው» አለች። «እስካሁን ባየነው ከሆነ እውነቱ የእርስዎ ሊሆን ይችላል።»

ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። በቆሎውና መርዙ በመጋዘን ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤቴ የዚያን ቀን ምሳውን አልቀመሰም። «ወስፋትህ አይጮህም እንዴ?» ብዬ ልቀልድ ብሞክር፣ «ወስፋት የሚባል ነገር አታንሺብኝ» ብሎ ገላመጠኝ።

ልጃችን ግን የሞተችውን ጅግራ ትታ የተገኘችበትን ጉብታ ነበር የምታስበው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ፤ ከኩሬው ማዶ አብሬያት እንድሄድ ፈልጋለች። ወዲያ ማዶ ዶሮ ቤት የለም፣ ጉዝጓዝም የሚደፋ የለም፤ ጅግሮች ግን እዚያም ያድራሉ። ሣሩ በጤዛ ርሶ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ተለጠፈብኝ። ጅግሮቹ ከዛፍ እየወረዱ ሲንጫጩ እኛ ካደሩበት ሥር ተንበርክከን ኩሳቸውን በየብልቃጡ እንለቅም ነበር። እናትና ልጅ በማለዳ አበባ ሲለቅሙ የሚያሳይ ሥዕል ሰው ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ የእኛንስ ማን ይስለዋል ብላ አሳቀችኝ። ብዙ ቀን ተመላለስን። ጉብታው ላይ ከሚጭሩት ጅግሮችም እንደዚያው ለቀምን። ያየችውን ግን አልነገረችንም፤ ሁሉንም ባንድ ላይ፣ ሁሉም ሰው ባለበት እናገራለሁ አለች።

ቀኑ ሲደርስ ማኅበሩ በሙሉ ግቢያችን መጣ። ማይክሮስኮፑን ከሥራ ቦታዋ አስፈቅዳ አምጥታ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ተክላዋለች። ከየክፍሉ የሚመረመሩትን ቄቦች እኔም አባዬም አንመርጥም፣ ሊቀመንበሩ ይምረጡ አለች። እሳቸውም እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡና ከግራም ከቀኝም ዓይናቸው ያረፈበትን አወጡ። ባለቤቴ አንዷን ቄብ ሲያያት ፊቱ ጭፍግግ አለ፤ የሚወዳት ነበረች። ግን ራሱ ይዞ አቀረባት።

ከግራው ክፍል፣ ያች ድንቢጥ እንኳ ያልገባችበት ክፍል፣ የወጣችው የመጀመሪያዋ ቄብ አንጀት ሲከፈት ከፊት የቆመችው ባለ ወፍጮ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንደዚያው በትል የታጨቁ። ከቀኙ ክፍል፣ ጅግሮች ሲወጡ ሲገቡ ከከረሙበት፣ የመጡት ግን አንጀታቸው ጥርት ያለ፣ ሥጋቸው የሞላ። አንዷ ዘንድ ስትደርስ ልጄ እጇን ገታች። አጎነበሰች። ከዚያ አንዲት ቀጭን ትል በመቆንጠጫ አወጣችና ሁሉም እንዲያያት ነጭ ሳህን ላይ አስቀመጠቻት። ደብቃት ቢሆን ኖሮ ማንም አያይም ነበር።

ከዚያ ተናገረች። የጅግሮቹ መግባት ምንም አያመጣም አላለችም፤ ይህቺ በሳህኑ ላይ ያለችው ከእነሱ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ከኩሬው ማዶ ያሉት ጅግሮች የራሳቸው የሆነ ሌላ ትል ሲኖርባቸው፣ ይህ የእኛ ትል እነሱ ዘንድ አንድም ቦታ አልተገኘም። የተገኘው ጉብታችን ላይ በሚጭሩት ብቻ ነው።

«እነሱ አላመጡብንም» አለች። «ከየቤታችን ዝቀን የደፋንላቸውን ነው የበሉት። አሮጌ ዶሮ ባወጣንበት ጉዝጓዝ ላይ አዲስ ቄብ እናስገባለን፤ ትሉ ደግሞ ከእግራቸው ሥር ይጠብቃቸዋል።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ማይክሮስኮፑን ረጅም ጊዜ አዩ። ሳህኖቹንም አንድ በአንድ አዩ፤ በተለይ ያቺን አንዲት ትል የያዘውን። ቀና ሲሉ ሰው ሁሉ ይጠብቃቸዋል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሱበት እንዲያሳዩኝ ስለምን ኖሬያለሁ» አሉ። «እኔ ግን አንድ ነገር ሳልቆጥር ነው የቀነስኩት። መርዙ ዛሬ ከመጋዘን ይወጣል፤ ወደ ሸጠልን ሰው ይመለሳል። ዶክተር፣ ምን እናድርግ?»

«ዶክተር» ያሏት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት «ልጅቷ» ነበረች። እኔ የስፌት ወንበሬን ጀርባ ይዤ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ ግራ ቀኙን ያያል፤ ሰው ያላያት ይመስል «የእኔ ናት» እያለ በክርኑ የአጠገቡን ሰው ይጎሽማል፤ የአጠገቡ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ሥራው በሚቀጥለው ሳምንት ተጀመረ። ልጄ አካሄዱን ነግራናለች። ዶሮው መድኃኒት ይወስዳል፤ ጉዝጓዙ እስከ ወለሉ ይወጣል፤ ወለሉ ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። አሮጌው ጉዝጓዝ ከእንግዲህ ቁጥቋጦ ዳር አይደፋም፤ በአንድ ቦታ ተከምሮ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ በራሱ ሙቀት እስኪበስል ይቆያል። ቄብና አሮጌ ዶሮ አንድ ላይ አይውሉም።

ማንም ለብቻው አልሠራም። ከመስመሩ ጫፍ ጀምረን ከቤት ወደ ቤት ሄድን። አፋችንን በጨርቅ አስረናል፤ ጨርቁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ አካፋ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ። ያ በስብሰባው ላይ «ለትሎቹ አዝነሽ ነው» ያለው ሰው የእጅ ጋሪውን ይገፋል፤ ልጄ ስታልፍ ዓይኑን ይሰብራል፤ እሷ ግን ጭነቱ ሲያቅተው መጥታ ካንድ ጎን ያዘችለት። አቧራው ዓይን ያቃጥላል፣ ሽታው አናት ይበሳል፤ ወገባችን ለሁለት የሚከፈል ይመስላል። በመሐል ዳቦና ሻይ መጣና በተገለበጠ የእንቁላል ሳጥን ላይ ተቀምጠን በላን። ኬክ ቤት ያላት ሴትዮም ከየት እንደሰማች እንጃ፣ አንድ ትሪ ኬክ ይዛ መጥታ አጠገባችን ቆመች፤ በማን እንቁላል እንደጋገረችው ግን አልጠየቅናትም።

የባለ ወፍጮዋ ቤት የመጨረሻው ነበር። ልጄ ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ በአቧራ ነጥቶ፣ ፀጉሯ ላይ ሰጋቱራ ተሰክቶ በሩ ላይ ቆማ ለባለ ወፍጮዋ የወለሉን ጥግ እንዴት እንደምትፍቅ ታሳያታለች። ሴትዮዋ በዕድሜ እናቷ ትሆናለች፤ ግን አንድ ቃል ሳታስቀር ታዳምጣታለች። ባለቤቴ አጠገቤ መጥቶ ቆመና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ከውስጥ ልጄ ተጨማሪ አካፋ አምጡልኝ ስትል ሰማንና፣ ማን ቀድሞ ይድረስ ተባብለን ሮጥን።